ድምፅ ሲለዋወጥ፦ ከድጓ ምልክት እስከ ሲኩዌንሰር

በጎጃም ደጋ መሲንቆም ሆነ ዋሽንት፣ ቀረርቶም ሆነ እንጉርጉሮ የሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ድምፁ በመንገዱ ላይ ለሚያደርገው ነገር ነው። ድምፁ ይርገበገባል፣ ይንሸራተታል፣ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ሊያልቅ ሲል ወደ ላይ ይሳባል። ዜማን የአገሩ የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ላፕቶፕና ኪቦርድ ይዞ ዘፈን የሚያቀናብር ወጣት የሲንተሳይዘሩን ኖብ እያዞረ ድምፁን ሲያሳሳውና ሲያወፍረው፣ ኮምፒውተሩ የእጁን እንቅስቃሴ ከኖታዎቹ ጎን ይመዘግብለታል። በማግስቱ ሲከፍተው ሳይጓደል መልሶ ያጫውትለታል።

እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ተሄዷል። የቤተ ክህነት ሰው የዜማውን መጽሐፍ የድጓን ምልክት ያውቃል፤ በካሴት ዘመን ያደገ ሰው የኃይሉ መርጊያን ኪቦርድ ያስታውሳል፤ አቀናባሪው ሚዲ የሚባለውን ነገር በየቀኑ ይነካካዋል። ሁሉም የያዙት የአንድ ጥያቄ ቁራጭ ነው፦ የሚንቀሳቀስ ድምፅ እንዴት ተጽፎ ይቀመጣል? ታሪኩን ከሥሩ እንከተለው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

16ኛው ክፍለ ዘመን፦ ከቃሉ በላይ የተጻፈው

የቅዱስ ያሬድ ዜማ በትውፊት ከ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ሦስት ስልቶች የተደራጀው ይህ ሀብት ለረጅም ዘመን የኖረው በመምህር አፍና በተማሪ ጆሮ መካከል ነበር። ከ1529 በኋላ በኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት አለቁ። በቃል ብቻ የሚኖር ዜማ ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

ከዚያ ጥፋት በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የድጓውን ምልክት አደራጅተው ለተድባበ ማርያም ካህናት እንዳስተማሩ ዜና መዋዕሉ ይተርካል።

አንድ የድጓ ገጽ ቀረብ ተብሎ ቢታይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አለው። ታች ቃሉ በጉልህ ፊደል ተጽፏል፤ ከቃሉ በላይ ደግሞ ደቃቅ ፊደላት፣ ነጥቦች፣ ቅስቶችና ጭረቶች ተደርድረዋል። ደቃቆቹ ፊደላት ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰዱ አኅጽሮተ ቃላት ናቸው፤ ተማሪው ሲያያቸው ያ ሐረግ ከነዜማው ይመጣለታል። ነጥቡና ቅስቱ ድምፁ ምን እንደሚሆን ይናገራል። ደረት ሲሆን ድምፁ ዝቅ ብሎ ከደረት ይወጣል፤ ርክርክ ሲሆን ይርገበገባል፤ ድፋት ወደ ታች ይደፋዋል፤ ሂደት ያፈጥነዋል፤ ቁርጥ ይቆርጠዋል። ይዘት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ምልክቶቹ ዐሥር ይሆናሉ።

ይህን አሠራር ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሊቃውንቱ ቃሉን በአንድ መስመር፣ የድምፁን ጠባይ በሌላ መስመር ለይተው አስቀመጡ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሙዚቃ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች የደረሱበት አቀማመጥም ይኸው ነው፤ ኖታው በራሱ ቦታ፣ ለውጡ ደግሞ በራሱ መስመር። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት አይደለም። ጉዳዩ ራሱ በሚገባ ያሰበበትን ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ ይመስለኛል።

ጎጃም በቅኔው ይበልጥ ይታወቃል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ቅኔ ነው። ድጓ ማስመስከር የፈለገ የጎጃም ተማሪ ግን ዓባይን ተሻግሮ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይወርዳል። ለምን ይህን ያህል ይደክማል ቢባል፣ ምልክቱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ርክርክ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚርገበገብ፣ ድፋት ምን ያህል እንደሚወርድ ብራናው አይናገርም፤ የሚናገረው መምህሩ ነው። ይህ ጉድለት በኤሌክትሮኒክሱ ዘመን በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

ከ1900ዎቹ እስከ 1970ዎቹ፦ ሸክላ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀዱ፣ የኢትዮጵያ ዜማ ከነመንቀጥቀጡና ከነመንሸራተቱ ሰው በሌለበት ተሰማ። ሸክላው ምልክትም መምህርም አላስፈለገውም። በምትኩ የተቀዳው ነገር ዝግ ሆነ፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ አንዲት ድምፅ ነጥሎ ማረም አይቻልም። አምሐ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁምም፣ የዚያ ዘመን ውበት ሁሉ የመጣው ስቱዲዮ ውስጥ አብረው ከሚተነፍሱ ተጫዋቾች ነበር። ሳክስፎኑ ሲያለቅስ የሚያለቅሰው ሰው ነበር፤ ለውጡን የሚመዘግብ ሌላ መሣሪያ የጠየቀ አልነበረም።

1964–1978፦ ትዝታ የሌለው መሣሪያ

ጥያቄው የመጣው ከሲንተሳይዘሩ ጋር ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በ1964 ያስተዋወቀው መሣሪያ ድምፅን ከኤሌክትሪክ ሞገድ ይሠራል። ሞገዱ ፊልተር በሚባል ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ የፊልተሩ ኖብ ሲከፈት ድምፁ ይጠራል፣ ሲዘጋ ይታፈናል። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ በሚያዝ መጠን አመጣው።

ሚኒሙግ ግን ትዝታ አልነበረውም። ተጫዋቹ ደክሞ ያገኘው ድምፅ ኖቦቹ ከተነኩ ይጠፋል። ስለዚህ ሰዎች ወረቀት ላይ የኖቦቹን ምስል እየሣሉ እያንዳንዱ የት ላይ እንደቆመ ምልክት ያደርጉ ነበር። በመድረክ ላይ በሁለት ዘፈኖች መካከል ያንን ወረቀት እያዩ ኖብ ሲያስተካክሉ ሕዝቡ ይጠብቃል።

በ1978 ዴቭ ስሚዝ የመሠረተው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ፕሮፌት-5 የሚባለውን መሣሪያ አወጣ። በውስጡ ማይክሮፕሮሰሰር ስለነበረው 40 ድምፆችን አስቀምጦ በአንድ ቁልፍ መልሶ ያመጣል። ወረቀቱ ቀረ። ፕሮፌት ያስታወሰው ግን የቆመውን ድምፅ ነው፤ ተጫዋቹ በዘፈኑ መካከል ፊልተሩን ቀስ እያለ ሲከፍት ያደረገው እንቅስቃሴ አሁንም አየር ላይ ይቀራል።

በዚሁ ጊዜ አዲስ አበባ በደርግ የሰዓት እላፊ ሥር ነበረች። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወታል፤ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ አለ። የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉ ሰዎችን በሙሉ አሰባስቦ ማስተዳደር እየከበደ ሲሄድ የኪቦርዱ ድርሻ እየሰፋ መጣ።

1983፦ ሚዲ

የታሪኩ ትልቁ መታጠፊያ እዚህ ነው። የጃፓኑ ሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና ዴቭ ስሚዝ በየፋብሪካው የሚሠሩ መሣሪያዎች እርስ በርስ የማይግባቡበት ሁኔታ እንዲያበቃ ፈለጉ። በጥር 1983 በካሊፎርኒያ የሙዚቃ መሣሪያ ትርኢት ላይ የስሚዝ ፕሮፌት-600 ከሮላንድ ጁፒተር-6 ጋር በገመድ ተገናኘ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ጮኸ። ይህ የጋራ ቋንቋ ሚዲ ተባለ።

ሚዲ ድምፅ አይቀዳም። የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ነው፦ ይህ ቁልፍ ተነካ፣ በዚህ ኃይል ተነካ፣ ተለቀቀ። ከቁልፉ ሌላ ግን ለውጥን የሚናገሩ መልእክቶችም ነበሩት፤ ለእኛ ታሪክ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ፕሮግራም ቼንጅ የሚባለው መሣሪያው ከ128 ድምፆች አንዱን እንዲይዝ ያዘዋል። ኮንትሮል ቼንጅ የኖቡን ቦታ ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይናገራል፤ 1 ቁጥር መርገብገቡን፣ 7 ቁጥር የድምፁን መጠን፣ 64 ቁጥር ፔዳሉን ይይዛል። ፒች ቤንድ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ያጥፋል፤ ለእርሱ ብቻ 16,384 ደረጃ ተሰጥቶታል፤ ጆሮ ከሌላው ለውጥ ሁሉ ይልቅ የቅጥነት መዝለልን ስለሚያውቅ። አንድ ፋብሪካ ለራሱ መሣሪያ ብቻ የሚያስፈልገውን ቀሪውን ነገር ደግሞ ሲስተም ኤክስክሉሲቭ በሚባል የተለየ መልእክት ያስገባል።

መልእክቶቹ የሚተላለፉበት ጊዜ ከተመዘገበ እንቅስቃሴው ተመዘገበ ማለት ነው። ይህን ሥራ ሲኩዌንሰር ያዘው፤ መጀመሪያ በሣጥን መልክ፣ ወዲያውም በኮምፒውተር። በ1985 የወጣው አታሪ ኤስቲ የሚዲ መሰኪያ አብሮት የተሠራ በመሆኑ የስቱዲዮዎች ኮምፒውተር ሆነ፤ የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1989 ኪውቤዝን ለእርሱ አወጣ። አቀናባሪው አሁን ሬኮርድ ብሎ ኖብ ሲያዞር ተከታታይ ቁጥሮች ከኖታው ሥር ይሰፍራሉ። ያልወደደውን ቁጥር በመዳፊት ይዞ ዝቅ ያደርጋል፣ ከፍ ያደርጋል። ሸክላው የነፈገው ይህ ነበር።

አሠራሩ ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። አቀናባሪው በዘፈኑ 17ኛ ባር ላይ ኦርጋኑ ወደ ፍሉት እንዲለወጥ ፕሮግራም ቼንጅ አስገባ እንበል። ከመጀመሪያው ሲያጫውተው ደህና ነው። አንድ ስህተት ለማረም ከ25ኛው ባር ሲጀምር ግን መሣሪያው መልእክቱን ስላላገኘ የፍሉቱን ዜማ በኦርጋን ይጫወተዋል። ሶፍትዌሮቹ ወደ ኋላ ተመልሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ ፈልገው የሚልኩበት ዘዴ እስኪገባላቸው ድረስ ይህ ብዙ ሰው አሰቃይቷል። መልእክቱ ከኖታው ጋር በአንድ ቅጽበት ከተቀመጠም የመጀመሪያዋ ኖታ በአሮጌው ድምፅ ትወጣለች ወይም ትዘገያለች። ልምድ ያለው ሰው ትእዛዙን ከኖታው ጥቂት ቀደም አድርጎ ያስቀምጠዋል። ገመዱም ጠባብ ነበር። በሴኮንድ 31,250 ቢት ብቻ ስለሚያሳልፍ አንድ ኖታ ለማለፍ አንድ ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በብዙ ትራክ ላይ ፒች ቤንድ ሲበዛ መልእክቱ ይጨናነቅና ምቱ ይንገዳገዳል።

1985፦ ኃይሉ መርጊያ ብቻውን

ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ካሴት ሠራ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ፣ የያማሃ ዲኤክስ7ና የከበሮ ማሽን። ሁሉንም ብቻውን በየተራ እየተጫወተ በላይ በላዩ ደርቦ ቀዳው። «ሸሞንሟናዬ» የሚለው ሥራ የሚገኘው እዚህ ካሴት ላይ ነው።

ዲኤክስ7 በ1983 ወጥቶ ዓለምን ያጥለቀለቀ መሣሪያ ነው። ድምፁ የሚሠራው የስታንፎርዱ ጆን ቻውኒንግ ባገኘው የኤፍ ኤም ዘዴ ነው። ፊቱ ላይ እንደ ሚኒሙግ የተደረደሩ ኖቦች አልነበሩትም፤ ድምፁን ለመለወጥ ቁልፍ እየተጫኑ በትንሽ መስኮት ውስጥ ቁጥር ማሳደድ ግድ ነበር። ብዙ ተጫዋች ፋብሪካው ያስገባቸውን 32 ድምፆች እንዳሉ ተጠቀመባቸው። ኃይሉ ግን ያንን የተስተካከለ ድምፅ ከአኮርዲዮን ጋር አጣምሮ፣ ሐረጎቹን እያንገራገረና እያዘገየ የሀገሩን ለዛ አስገባበት። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ሲሳብና ሲጨመቅ የሚሰጠው ትንፋሽ ዲኤክስ7 የጎደለውን ሞላለት። በእኔ እምነት ይህ ካሴት ዛሬም ያልሞተው ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትዝ በ2013 ሥራውን ዳግም አሳትሞ ለዓለም ሲያሰማው፣ ካሴቱን ያገኘው በጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ነበር። ዋሽንግተን የተቀዳው ዜማ በአገር ቤት የካሴት ገበያ እስከ ጎጃም ምድር ወርዶ ሰዎች ዘንድ ቆይቶለታል።

1991–1999፦ 128 ድምፆችና የጠፋው መሲንቆ

በ1991 ደርግ ወደቀ። በዚያው ዓመት በሙዚቃው ዓለም ጄኔራል ሚዲ የሚባል ስምምነት ጸደቀ። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራም ቁጥር 20 በአንዱ መሣሪያ ኦርጋን፣ በሌላው ጥሩምባ ሊሆን ይችል ነበር፤ የድጓው ምልክት መምህር እንደሚፈልግ ሁሉ የሚዲው ቁጥርም የተጻፈበትን መሣሪያ ይፈልጋል። ጄኔራል ሚዲ 128 ድምፆችን በቋሚ ቁጥር ደነገገ። ከ105 እስከ 112 ባሉት ቁጥሮች የየአገሩ መሣሪያዎች ተቀመጡ፤ የሕንዱ ሲታር፣ የጃፓኖቹ ሻሚሰንና ኮቶ፣ የአፍሪካው ካሊምባ፣ የስኮትላንዱ ባግፓይፕ ሳይቀሩ። መሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት የሉም።

ይህ ለኢትዮጵያ አቀናባሪ ቀላል ነገር አልነበረም። የእኛን መሣሪያ ለማስመሰል የሌላውን ድምፅ ወስዶ በለውጥ መልእክት ማጣመም ነበረበት። ለመሲንቆ አንድ ቀጭን የክር ድምፅ መርጦ በአንድ ጊዜ አንዲት ኖታ ብቻ እንዲያሰማ ያደርገዋል፤ ከኖታ ወደ ኖታ የሚንሸራተትበትን ጊዜ ይወስናል፤ ከዚያ ግራ እጁ በፒች ቤንዱ መንኮራኩር ላይ ሆኖ ሐረጉን ይጫወታል። የመሲንቆ ደጋን ጭራው ላይ ጠበቅና ላላ እያለ የሚያመጣውን ነገር ደግሞ በድምፅ መጠኑ ይከተለዋል። በጥንቃቄ ሲሠራ ሰሚው ኪቦርድ መሆኑን ለጥቂት ይረሳል። አንቺ ሆዬና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ላይ ሲደርስ ችግሩ ይብሳል፤ ኪቦርዱ ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ያለውን ርቀት በዐሥራ ሁለት እኩል ሲከፍለው መሲንቆው የሚያርፈው እኩል ባልሆነ ቦታ ነው።

የዚያን ዘመን የካሴት ሥራዎች ብዙ ሰው «ማሽን ማሽን ይላሉ» ብሎ ይወቅሳቸዋል። ወቀሳው እውነት አለው፤ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ብቻ መጣል ግን አልቀበልም። ገበያው ቶሎ ቶሎ ካሴት ይፈልግ ነበር፤ የስቱዲዮ ሰዓት ይከፈልበታል፤ ስለዚህ ኖታው ይገባና ለውጡ ሳይጻፍ ይቀራል። ከበሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ኃይል ይመታል፣ ኦርጋኑ አንድ ቦታ ቆሞ ይቀራል። ሚዲ ለድምፅ መጠንም ለመርገብገብም ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ ባዶ የቀረው እሱ ነው። የቀረውን ሰዓት እዚያ ላይ ያጠፉ አቀናባሪዎች ሥራቸው ዛሬም ይደመጣል።

ከ1999 በኋላ፦ መሣሪያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲገባ

በ1999 የስታይንበርግ ቪኤስቲ ሁለተኛ እትም ሲንተሳይዘር ራሱ በሶፍትዌር መልክ ሲኩዌንሰሩ ውስጥ እንዲኖር አስቻለ። በ2000 ሪዝን፣ በ2001 ኤብልተን ላይቭ ተከተሉ። የድምፁ ቅንብር፣ የኖቡ እንቅስቃሴና ኖታው በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀመጡ። የድሮው ሣጥን ውስጡ ያለው ባትሪ ሲያልቅ ድምፆቹ ይጠፉ ነበር፤ ፋይሉ ግን በፍላሽ ተይዞ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሄዶ እዚያ እንደነበረ ይከፈታል። ለውጡንም በመስመር መሣል ተቻለ፤ አውቶሜሽን የሚባለው ይኸው ነው። ከዘፈኑ ሥር አንድ መስመር ተዘርግቶ ፊልተሩ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ በዓይን ይታያል።

ጎጃም በዚህ ዘመን ከቻግኒ አንዲት ልጇን ለዓለም ሰጥታለች። እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 በስሟ ያወጣችውን አልበም ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ አደረገው፤ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫወቱበት። የሚገርመው ግን የ2003ቱ ነው። ላስዌል የዚያኑ አልበም ትራኮች ወስዶ ድምፆቹን እያራቀ፣ እያስተጋባ፣ እያሟሟ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የሚል ሌላ አልበም ሠራ። ዜማው አልተለወጠም፤ ሥራው ሁሉ የድምፅ ለውጥ ነው። የጎጃም እንጉርጉሮ ያንን ሁሉ ችሎ ጎጃምነቱን አልለቀቀም።

አገር ቤት ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተምሮ የወጣው ኤልያስ መልካ በ2019 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ለብዙ ወጣት ድምፃውያን ሲያቀናብር የኮምፒውተሩን ትራክና በእጅ የሚነካውን መሣሪያ አጋብቶ ሠርቷል። ቀጥሎ የመጡት ደግሞ ኮምፒውተሩን ከመሐል አስቀመጡት። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም» የተባለውን ሥራ አወጣ፤ ሙዚቀኛው እንደገና ሙሉ ደግሞ የራሱን አካሄድ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰየመው። በእነዚህ ልጆች ሥራ ላይ የመሲንቆና የዋሽንት ቅጂ ተቆራርጦ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠራ በአውቶሜሽን መስመሩ ላይ ነው።

2018–2020፦ እያንዳንዱ ክር ለየብቻ

የ1983ቱ ሚዲ አንድ ነገር አይችልም ነበር። ፒች ቤንድ በአንድ ቻናል፣ ማለት በአንድ የመልእክት መስመር፣ ላይ ያሉ ኖታዎችን ሁሉ አንድ ላይ ያጥፋል። ክራር ተጫዋች አንዱን ክር ተጭኖ ድምፁን ሲያጥፈው ሌሎቹ ክሮች ግን ቀጥ ብለው ያስተጋባሉ። ይህን በኪቦርድ ለማስመሰል መፍትሔው ለስድስቱ ክሮች ስድስት ቻናል መስጠት ነበር፤ ሚዲ ያለው ደግሞ 16 ብቻ ነው። በ2018 ኤምፒኢ የሚባለው ስምምነት ይህን የቻናል ማከፋፈል ሥራ ሥርዓት አስያዘለት። በጥር 2020 የጸደቀው ሚዲ 2.0 ደግሞ ጉዳዩን ከሥሩ ለወጠው። እያንዳንዷ ኖታ የራሷን ማጠፍ፣ የራሷን መርገብገብ፣ የራሷን መድመቅ ይዛ ትሄዳለች። ከ0 እስከ 127 የነበረው መለኪያም 32 ቢት ሆኖ ከአራት ቢሊዮን በላይ ደረጃ ተሰጠው። አሁን ግን በአብዛኛው ስቱዲዮ ያለው መሣሪያ በአሮጌው ሚዲ የሚናገር ስለሆነ፣ ክራር በኪቦርድ የሚሠራ አቀናባሪ ዛሬም ለእያንዳንዱ ክር አንድ ቻናል ይከፍታል፣ በየቻናሉም ማጠፊያውን ለየብቻ ይቀዳል።